ምርቃቱ በዝቷል፣ ሰዓት የሚሰጠን ግን አጣን፦ የመርሳት በሽታ ያለባቸውን ዘመዶቻችንን የምናስታምም እንነጋገር

ሆጤ ዳር (ይህን የውይይት ክር የከፈተች)
ጥቅምት 9፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ40

ይህን የምጽፈው እናቴ እንደገና እስክትነሣ ድረስ ባለችኝ ትንሽ ጊዜ ስለሆነ፣ አንዳንዱ ነገር ሳይያያዝ ቢቀር ይቅርታ አድርጉልኝ። ደሴ ሆጤ አካባቢ የምኖር የ42 ዓመት ሴት ነኝ። እናቴ 78 ዓመቷ ነው። ሐኪሞቹ የመርሳት በሽታ ነው ካሉን ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሆኖናል፤ እኛ ግን ከዚያ በፊት "ያው እርጅና ነው፣ ጃጅታ ነው" እያልን ሌላ ሁለት ዓመት አባክነናል።

መጀመሪያ የነቃሁት በቡና ነው። እናቴ በቡናዋ የምትታወቅ ሴት ነበረች። አንድ እሑድ ቆልታ፣ ወቅጣ፣ ጀበናውን ጥዳ፣ አቦሉን ካጠጣችን በኋላ ስኒዎቹን ሰብስባ አጠበችና ቡና መቁያውን እንደገና እሳት ላይ ጣደችው። "እማዬ፣ ቶናው ይቅረብ እንጂ" ስላት "ገና መች አፈላሁና ነው?" አለችኝ። ቤት ውስጥ የነበርነው ሁሉ ሳቅን። እሷም አብራን ሳቀች፤ ዓይኗ ግን አልሳቀም ነበር፣ ይህን ያስተዋልኩት በኋላ ነው።

አሁን ያለችበት ሁኔታ እንዲህ ነው። ረፋዱን ደህና ትውላለች፤ ትጸልያለች፣ ምስር ስሰጣት ትለቅማለች። ፀሐይ ወደ ጦሳ ተራራ ዘቅዘቅ ስትል ግን መረበሽ ትጀምራለች። ሳጥኗን ትከፍታለች፣ ቀሚሶቿን አጥፋ በነጠላ ትቋጥራለች፣ ከዚያም "በቅሎው ተጭኗል ወይ? ሳይመሽ ኩታበር እንግባ እንጂ" ትለኛለች። ኩታበር ተወልዳ ያደገችበት ነው፤ ከዚያ ከወጣች ስድሳ ዓመት ሊሞላት ነው፣ በቅሎውም የአባቷ በቅሎ ነው። "ቤትሽ እኮ ይኸው ነው" ስላት "አንቺ ማን ሆነሽ ነው የምታግቺኝ?" ብላ ትጮኽብኛለች። ሌሊት ሦስት ጊዜ፣ አንዳንዴም አምስት ጊዜ ትነሣለች። የውጪውን በር ቆልፌ ቁልፉን አንገቴ ላይ አስሬ እተኛለሁ። ባለፈው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ሳልሰማ ወጥታ ሮቢት አካባቢ በባዶ እግሯ ስትሄድ ያገኟት የባጃጅ ልጆች ናቸው አሳፍረው ያመጡልኝ፤ የደሴን የታኅሣሥ ሌሊት የምታውቁ ምን ማለት እንደሆነ ይገባችኋል።

አራት ልጆች ነን። ታላቅ ወንድሜ አዲስ አበባ ነው፣ እህቴ ጂዳ ናት፣ ትንሹ ወንድማችን ደግሞ ኮምቦልቻ ይሠራል። ሦስቱም ገንዘብ ይልካሉ፤ በዚህ አላማቸውም። እኔ አላገባሁም፤ ስለዚህ ማንም ተሰብስቦ ሳይወስን፣ ማንም "አንቺ ያዥ" ሳይለኝ፣ ነገሩ ሁሉ በእኔ ላይ ረጋ። ከመሥሪያ ቤቴ የወሰድኩት ደመወዝ የሌለው ፈቃድ በሚቀጥለው ወር ያበቃል።

ክር እንድከፍት ያደረገኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ጎረቤቱ፣ ዘመዱ፣ የቅሬው (የእድሩ) ሰው ሁሉ ሊጠይቃት ይመጣል፤ እግዜር ይስጣቸው። ሁሉም "ታድለሽ! የእናት ምርቃት ለልጅ ልጅ ይተርፋል" ይለኛል። አሜን እላለሁ። ከዚያም ቁጭ ብለው ቡና ይጠጣሉ፣ ያንን ቡና የማፈላው እኔ ነኝ። አንዱ እንኳ "እስኪ እኔ ከእሷ ጋር ልቀመጥ፣ አንቺ ሁለት ሰዓት ተኚ" ብሎኝ አያውቅም። "ደክሞኛል" ብዬ የጀመርኩ ቀን ደግሞ አንዲት አክስቴ "በእናት አይማረርም!" ብላ አፌን አስያዘችኝ።

ባለፈው ሐሙስ የወርቅ ጆሮ ጌጧን ሰርቀሽኛል ብላ ቀኑን ሙሉ ስትከሰኝ ዋለች። ማታ ጆሮ ጌጡን ዱቄት ማስቀመጫው ውስጥ አገኘሁትና አምጥቼ ሳሳያት "አየሽ? አንቺ ነሽ የደበቅሽው" አለችኝ። ያን ጊዜ ሁለት ክንዷን ይዤ ነቀነቅኋት። ጮኽሁባት። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ "ልጄ፣ እራት በልተሻል?" አለችኝ።

በዚህ ቤት ያለፋችሁ ካላችሁ ስለ መድኃኒቱ ብቻ ሳይሆን እናንተ እንዴት እንደቆማችሁ ንገሩኝ። እህትና ወንድም ከገንዘብ ሌላ ሰዓት እንዲሰጡ ማድረግ የቻለ ሰው ካለም መንገዱን ያሳየኝ።


የቧንቧ ውሃዋ
ጥቅምት 9፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ15

እህቴ፣ ቁልፍ አንገቱ ላይ አስሮ የሚተኛ ሰው እኔ ብቻ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር። አባቴን ሦስት ዓመት አስታምሜ ባለፈው ጾመ ፍልሰታ ቀበርኩት። ምክር የለኝም፤ ክንዷን ስለያዝሽበት ማታ ግን ራስሽን አትቅጪ። እኔ ከዚያ የባሰ አድርጌያለሁ፣ እዚህ መጻፍ ግን አልቻልኩም።


ጡረተኛው ከኮምቦልቻ
ጥቅምት 9፣ ከቀኑ 6 ሰዓት

ልጄ፣ እኔ 71 ዓመቴ ነው፤ የማስታምመው ደግሞ 46 ዓመት አብራኝ የኖረችውን ጓደኛዬን፣ ባለቤቴን ነው። ስለ ወንድ አስታማሚ ሲወራ ሰምቼ ስለማላውቅ ጥቂት ልበል።

ባለቤቴ በሰላቷ ቀልድ የማታውቅ ሰው ነበረች። በሽታው ሲጀምራት ዝሁርን፣ የቀትሩን ሰላት፣ ሰግዳ ትጨርስና ከጥቂት ደቂቃ በኋላ እንደገና ለሰላት ልትታጠብ፣ ውዱእ ልታደርግ ትነሣለች። "ሰግደሻል" ስላት "ከሰላት ልትከለክለኝ ነው?" ትላለች። በመጀመሪያዎቹ ወራት እንደ ዳኛ ተከራከርኳት፤ ጠዋት አንድ ጊዜ፣ ቀን አንድ ጊዜ፣ ማታ አንድ ጊዜ እንጣላ ነበር። አርባ ዓመት ሙሉ ያልተጣላነውን ጠብ በአንድ ዓመት ጨረስነው። በኋላ አንድ ትልቅ ሰው "ተዋት፣ አላህ የደገመችውን አይቆጥርባትም፤ አንተ ውሃውን ብቻ አሙቅላት" አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ውሃውን አሞቃለሁ። ቤቱ ጸጥ አለ። በረመዳን ደግሞ ምሳ በልታ "እየጾምኩ ነው" ትላለች፤ "ይቀበልሽ" እላታለሁ።

የከበደኝ ማጠቡ ነው። በእኛ ዘመን ባል ሚስቱን አያጥብም፤ ሴት ልጆቼም ሩቅ ናቸው። የመጀመሪያው ቀን ልብሷን ላወልቅ ስል "ወይ ጉድ፣ ባሌ ቢመጣ ምን ይላል?" አለችኝ። በሩ ላይ ቆሜ አለቀስኩ፤ ብዙም ሳልቆይ ሳቄ መጣ፤ ለካ ታማኝነቷ ለእኔው ነው። አሁን በአንዴ ገላዋን ሁሉ ለማጠብ መሞከሩን ትቻለሁ። አንድ ቀን እግር፣ አንድ ቀን ራስ፣ አንድ ቀን ጀርባ፤ ከላይ ሽርጥ ደርቤባት፣ በሷው እጅ ላይ ሳሙናውን አስይዤ። የኮምቦልቻ ሙቀት ለዚህ ይረዳል፤ እናንተ ደጋ ያላችሁት ክፍሉን አስቀድማችሁ በከሰል አሙቁ፣ ከሰሉ ግን እሷ ከመግባቷ በፊት ይውጣ።

ወንድ አስታማሚ አንድ ጥቅም አለው፤ ሰው ያዝንለታል። ጎረቤቶቼ ወጥ ሠርተው ያመጡልኛል። ሴት ብሆን ኖሮ አንድ ድስት እንኳ እንደማይመጣ አውቃለሁ። ስለዚህ ሆጤ ዳር ያልሽው እውነት ነው።


የሌሊት ተረኛ
ጥቅምት 10፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ30

ሰላም ለሁላችሁ። በሥነ አእምሮ ነርስነት ወሎ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። ጋሼ ከኮምቦልቻ ያሉት ነገር እኛ ሥልጠና ላይ ከምንማረው ብዙም አይርቅም፤ እንዲያውም ስለ ውዱኡ የጻፉትን ለተማሪዎቼ አነብላቸዋለሁ።

የመርሳት በሽታ የምንለው ዲሜንሺያ የብዙ በሽታዎች የወል ስም ነው። ከመቶ ከ60 እስከ 70 የሚሆነው አልዛይመር የሚባለው ሲሆን፣ ስሙ በ1906 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያዋን ታማሚ ጉዳይ ካቀረበው ጀርመናዊ ሐኪም የመጣ ነው። በደም ሥር መዘጋት የሚመጣም አለ፤ ደም ግፊቱና ስኳሩ ሳይታከም የኖረ ሰው በዚህ ይጠቃል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. 57 ሚሊዮን ሰዎች ከዚህ ችግር ጋር እንደሚኖሩ ገምቷል፤ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት እንደኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ያሉ ናቸው። ያው ድርጅት የቤተሰብ አስታማሚ በአማካይ በቀን 5 ሰዓት እንደሚያውልና ከጠቅላላው የማስታመም ሰዓት 70 በመቶው በሴቶች ትከሻ ላይ እንደሆነ ይናገራል። ሆጤ ዳር 5 ሰዓት የሚለውን ስታነብ ሳትስቅ አትቀርም፤ አማካይ ነው።

ሁሉም መርሳት ዲሜንሺያ አይደለም፣ ሁሉም የማይመለስም አይደለም። የታይሮይድ ችግር፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ከባድ ድብርት፣ ከወደቁ በኋላ በራስ ቅል ውስጥ የሚጠራቀም ደም፣ ቂጥኝና ኤች አይ ቪም አእምሮን ያዳክማሉ፤ እነዚህ ደግሞ ሕክምና አላቸው። ስለዚህ "እርጅና ነው" ተብላችሁ ከተመለሳችሁ ደም እንዲመረመርላችሁ ጠይቁ። መድኃኒቶቹንም ከነማሸጊያቸው ይዛችሁ ሂዱ፤ ለእንቅልፍ ተብለው የሚሰጡ እንደ አሚትሪፕቲሊን ያሉ እንክብሎች የአረጋዊን አእምሮ ይበልጥ ያደበዝዛሉ።

ከዚህም የበለጠ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው አንድ ነገር አለ። ሰውየው ትናንት ከነበረበት ዛሬ በድንገት ከባሰ፣ ማለትም በሰዓታት ወይም በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ከቃዠ፣ ካንቀላፋ፣ የሌለ ነገር ካየ፣ "በሽታው ጨመረ" ብላችሁ አትቀመጡ። አብዛኛውን ጊዜ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የሳንባ ምች፣ የሰውነት ውሃ ማነስ ወይም የሆድ ድርቀት ነው። በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ውሰዱ።

ስለ ሌሊቱ መረበሽ "የሚያስተኛ መርፌ ስጡልን" የሚል ቤተሰብ በየሳምንቱ ይገጥመኛል፤ አልፈርድባቸውም። ሃሎፔሪዶልና መሰሎቹ አልፎ አልፎ፣ በዝቅተኛ መጠን፣ በሐኪም ክትትል ይሰጣሉ። ነገር ግን ዲሜንሺያ ባለባቸው አረጋውያን ላይ የስትሮክንና የሞትን አደጋ እንደሚጨምሩ ይታወቃል፤ የአሜሪካ የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ስለ ሞት አደጋው በ2005 እ.ኤ.አ. ስለ አዲሶቹ መሰሎቹ፣ በ2008 እ.ኤ.አ. ደግሞ ስለ ሃሎፔሪዶልና ስለ ቀደሙት አስጠንቅቋል። ከጎረቤት ተበድራችሁ እንዳትሰጡ አደራ። ዶኔፔዚል የሚባለው ደግሞ ለአንዳንዱ ለተወሰነ ጊዜ ይረዳል እንጂ አያድንም፤ ማስታመሙንም አይተካም።

አንድ ነገር ጨምሬ ልውጣ። የአእምሮን ሥራ የምንለካበት አንዱ መንገድ "የግድግዳ ሰዓት ሣል፣ አሥራ አንድ ሰዓት ከአሥር ላይ አድርገው" የሚል ነው። የሰዓት አቆጣጠራችን ከፈረንጁ በስድስት ሰዓት እየተለየ፣ እርሳስ ጨብጣ ለማታውቅ እናት ይህ ፈተና ስለ በሽታዋ ምን ይነግረኛል? እኔ ልጆቿን "ቡና ከመቁላቱ እስከ በረካው ብቻዋን ትጨርሳለች ወይ?" ብዬ እጠይቃለሁ። ሆጤ ዳር እናትሽን በምን እንደመረመርሻት አየሽው?


አዝዋ
ጥቅምት 10፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት

ሁላችሁም የጻፋችሁትን በአክብሮት አንብቤአለሁ። ነገር ግን አያቶቻችንም ያረጁ ይጃጁ ነበር፤ ማንም ወደ አደባባይ ወጥቶ "ደከመኝ" አላለም። ቤተሰቡ በአንድ ግቢ ይኖር ነበር፣ ሽማግሌው በጸሐይ ይቀመጣል፣ ሕፃናቱ ይጠብቁታል። አሁን ሁሉም ነገር በሽታ ተብሎ ስም ይወጣለታል። ደግሞስ ጸበል ሞክራችኋል? በጸበል የዳኑ አውቃለሁ። የወላጅን ገመና እንዲህ መዘርዘርም ለእኔ አይዋጥልኝም።


ሆጤ ዳር
ጥቅምት 11፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት

ወንድሜ አዝዋ፣ ስለ ገመናው ያልከው ነክቶኛል፤ ስሟን ያልጻፍኩትም ለዚህ ነው። ጸበል ወስጃታለሁ፣ አሁንም ቅዱሱን ውሃ ጠዋት ጠዋት ትጠጣለች። ያቆምኩት ንጋት ላይ በቀዝቃዛ ውሃ ማስጠመቁን ነው፤ ሁለተኛው ሳምንት ላይ ሳንባዋ ተይዞ አልጋ ያዘች።

ስለ ድሮው ግን ራስህ መልሱን ጽፈኸዋል። በአንድ ግቢ ሕፃናቱም፣ ምራቶቹም፣ እረኛውም ነበሩ፤ አንዱ ሲነሣ ሌላው ይቀመጣል። ያ ግቢ ዛሬ አንድ ሰው ሆኗል፣ እሱም እኔ ነኝ። አያቶቻችን ስላላማረሩ ሳይሆን ለምሬት የሚያበቃ ሥራ በአንድ ሰው ላይ ስላልወደቀ ይሆናል። ወይም ደግሞ የማረሩት ሴቶች ነበሩና ማንም አልሰማቸውም።


ባሕር ማዶ
ጥቅምት 12፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት

እኔ ከዚያኛው ወገን ነኝ፤ ስለዚህ ቢመርራችሁም ስሙኝ። የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ፣ ሪያድ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። አባቴን የምታስታምመው እህቴ ናት።

በየዓርቡ ስደውል አባቴ "ደህና ነኝ ልጄ፣ ሥራ እንዴት ነው? አገሩ ይሞቃል?" ይለኛል። ስለ በጎቻችን ያነሣል፣ ይመርቀኛል። ከዚያ እህቴ ስልኩን ተቀብላ "ትናንት ሌሊት ደበደበኝ" ትለኛለች። አላመንኳትም። እዚህ ላይ መደበቅ አልፈልግም፤ ለሁለት ዓመት ያህል ገንዘብ እንድጨምር የምታጋንን መስሎኝ ነበር፣ ይህንንም ለሌላው ወንድሜ ተናግሬ ነበር። ባለፈው ዓመት ለዐረፋ ስመጣ የመጀመሪያውን ቀን በጣም ደህና ነበር። ሁለተኛው ቀንም ደህና ነበር። ሦስተኛው ሌሊት ግን መብራት አብርቶ ራስጌዬ ቆሞ "ይህ ሌባ ማነው?" እያለ በምርኩዙ ሲመታኝ ነቃሁ። እህቴ ከጎን ክፍል መጥታ አንድም ቃል ሳትናገረኝ እጁን ይዛ "አባዬ፣ እንግዳ ነው፣ ነገ ይሄዳል" ብላ ወሰደችው።

ለአሥር ደቂቃ የስልክ ወሬ ራሱን እንደሚሰበስብ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። እኛ ከሩቅ ያለነው የምናየው አሥሩን ደቂቃ ብቻ ነው፣ ቀሪውን ቀን ደግሞ አስታማሚው ይከፍላል።

ስለ ገንዘብ ግን አንድ ነገር ልከራከር። እዚህ ሰዓት መላክ አልችልም። የምልከው ገንዘብ ግን ሰዓት ሊገዛ ይችል ነበር፣ ለማን እንደሚውል ማንም ስላልነገረኝ ነው። አሁን ከምልከው ላይ ለይተን አንዲት ሴት በሳምንት ሦስት ቀን ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንድትቀመጥ አድርገናል። "ለቤት ወጪ" ብላችሁ አትቀበሉን፤ "ይህ ለማክሰኞና ለሐሙስ ነው" በሉን። ስም ያለው ገንዘብ ለመላክም ይቀላል።


ጠበቃ ነኝ
ጥቅምት 14፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

ከርዕሱ ብዙ ሳልርቅ ስለ ጡረታና ስለ ውክልና ልጨምር፤ ብዙ አስታማሚ ድካሙ ላይ ድካም የሚጨምርበት በዚህ በኩል ነውና።

ውክልና የሚሰጥ ሰው በሚፈርምበት ጊዜ ምን እንደሚፈርም የሚያውቅ መሆን አለበት። ስለዚህ በሽታው ገና ሲጀምር፣ ሰውየው "ይህን ቤት ለማን እንደማከራይ ልጄ ይወስን" ብሎ በራሱ አፍ መናገር በሚችልበት ወቅት፣ ወደ ሰነዶች ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት ይዛችሁት ሂዱ። ያም ሆኖ በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ወካዩ ችሎታውን ሲያጣ ውክልናውም በመርሕ ደረጃ እንደሚቀር እወቁ። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ፍርድ ቤት ነው። ከቅርብ ዘመዶቹ አንዱ አመልክቶ፣ የሕክምና ማስረጃ ቀርቦ፣ ፍርድ ቤቱ ክልከላ ከወሰነ፣ ለሰውነቱ የሚያስብ አሳዳሪና ለንብረቱ የሚያስብ ሞግዚት ይሾማል። "ክልከላ" የሚለው ቃል ያስደነግጣል፤ በወላጅ ላይ ክስ እንደመመሥረት የሚቆጥረው አለ። ዓላማው ግን ታማሚው ቤቱን በአንድ ጣሳ ዋጋ እንዳይሸጥ መጠበቅ ነው፤ እንዲህ ያለ ጉዳይ በእጄ አልፏል።

ሌላው፣ ወላጅን መቀለብ የምርቃት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የቤተሰብ ሕጉ በልጆች ሁሉ ላይ የጣለው ግዴታ ነው፤ አብራ በምትኖረው ልጅ ላይ ብቻ አይደለም። ሆኖም ወንድምን በፍርድ ቤት ማስገደድ ገንዘቡን ያመጣ ይሆናል እንጂ ቅዳሜ ጠዋት በር ላይ አያቆመውም። ሽማግሌ አስቀምጣችሁ፣ ማን ምን እንደሚያደርግ በወረቀት ጽፋችሁ፣ ሁላችሁም ብትፈርሙበት ይሻላል። ወንድምና እህት በወረቀት ሲፈራረሙ አሳፋሪ ይመስላል፤ ከቀብር በኋላ ከሚነሣው ክርክር ግን ይሻላል።


የቧንቧ ውሃዋ
ጥቅምት 14፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት

ከቀብር በኋላ ያልከው ልቤን ነካው። እኛ ቤት እስካሁን አልበረደም።


ሆጤ ዳር
ኅዳር 22፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት

ዘግይቻለሁ፤ ይቅርታ። ምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ባሕር ማዶ የጻፍከውን ለእህቴ ሙሉውን ላክሁላት። ሁለት ቀን ዝም አለችኝ፤ በሦስተኛው ቀን "የምልከው ለየትኛው ቀን ይሁን?" ብላ ጻፈችልኝ። ማክሰኞና ዓርብ አልኳት። ለሁለቱ ቀን የምትመጣ ሴት አግኝቼ ነበር፤ እናቴ የመጀመሪያውን ቀን "ሌባ ገባች" ብላ አባረረቻት፣ ሴትየዋም ሳትመለስ ቀረች። ሁለተኛዋ ግን ምስር እየለቀመች አብራት ስለተቀመጠች ተቀበለቻት። የሌሊት ተረኛ ያልሽውንም አደረግሁ፤ ደም ተመርምራ የቢ12 እጥረት ተገኝቶባታል፣ መርፌውን ጀምራለች። ሐኪሙ ብዙ እንዳልጠብቅ ነግሮኛል። ቀን ላይ ትንሽ ፈጠን ያለች ይመስለኛል፣ ምናልባት ስለምመኘው ይሆናል።

ቅሬው ዘንድ የሄድኩት ፈርቼ ነበር። "እናንተ ለቀብሯ ድንኳን እንደምትተክሉ አውቃለሁ፤ እኔ ግን አሁን፣ በቁሟ ሳለች፣ በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ የሚቀመጥልኝ ሰው እፈልጋለሁ" አልኳቸው። ሰብሳቢው "የቅሬው ደንብ ይህን አያውቅም" አሉ። ውጪ ግን አንዲት ሙስሊም ጎረቤታችን፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው፣ ተከትለውኝ መጥተው "ደንቡ ባያውቅ እኔ አውቃለሁ፣ ረቡዕ ከዐስር ሰላት በኋላ እመጣለሁ" አሉኝ። እስካሁን አንድ ረቡዕ ብቻ ነው የቀሩት። አክስቴ አሁንም በእናት አይማረርም ትላለች።

ትንሹ ወንድሜ ነው የከበደኝ። "ሥራ አለኝ፣ ከኮምቦልቻ መመላለሱ..." ሲል ነበር፤ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ለመምጣት አንድ ሰዓት እንኳ አይፈጅበትም። ጠበቃው እንዳሉት በወረቀት ጻፍነው፦ ቅዳሜ ከሦስት ሰዓት እስከ ሰባት ሰዓት። የመጀመሪያው ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ መጣ፤ ሁለተኛው ላይ አልመጣም። ባለፈው ቅዳሜ ግን ሦስት ሰዓት ሳይሞላ በር አንኳኳ።

ቁልፉን ከአንገቴ አውልቄ ሰጠሁትና ወጣሁ። የት እንደምሄድ አላውቅም ነበር። ፒያሳ ወርጄ ሻይ አዘዝኩ፤ ከጎኔ የተቀመጡት ሰዎች ድምፅ ሲያሰሙ ደርሶ እየደነገጥኩ በሩን አያለሁ። ጫማ ልገዛ ገብቼ ሳልገዛ ወጣሁ። ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ እግሬ ራሱ ወደ ሆጤ አዞረኝ።

ግቢያችን በር ላይ ስደርስ ከውስጥ ድምፃቸው ይሰማ ነበር። እናቴ "በቅሎው ተጭኗል ወይ?" ትለዋለች። እሱ ሁልጊዜ "በቅሎ የለም እማዬ፣ አባባ ከሞተ ስንት ዓመቱ" እያለ የሚያስለቅሳት ልጅ ነው፤ ልቤ ቆመ። "አልተጫነም እማዬ፣ የኩታበር መንገድ ጭቃ ሆኗል፤ ነገ ሲደርቅ እንሄዳለን" አላት። "እንግዲያ ገብስ ስጠው፣ ሳይበላ እንዳያድር" አለችው። "ሰጥቼዋለሁ" አላት።

እጄን ወደ በሩ ሰድጄ መለስኩት። ሰዓቴን አየሁ፤ ሠላሳ ደቂቃ ይቀረኝ ነበር። ከአጥሩ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ሰባት ሰዓት እስኪሞላ ጠበቅሁ።